ነጩ ድብ

ሸክላ ሠሪ ጭቃ አቡክታ እንስራ ስትሠራ ሁላችንም አይተናል። ዛሬ የምናነበው በጭቃ እንስሳትን ይሠራ ስለነበረ አንድ የፈረንሳይ አገር ሰው ነው። ስሙ ፍራንሷ ፖምፖን ይባላል።

ፖምፖን በ1855 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሶልዩ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። እሱም እብነ በረድ መጥረብ ተማረና በ1875 ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያ ብዙ ዓመት የሠራው ለሌሎች ነው። ከ1890 ጀምሮ ሮዳን ለተባለው ዝነኛ ቀራፂ ይጠርብ ነበር። ድንጋዩን የሚጠርበው ፖምፖን፣ ስሙ የሚጠራው ግን ሮዳን ነው።

ወደ ገጠር ሲሄድ ዝይና ዶሮ፣ ላምና ጥጃ ይከተላል። ትንሽ ገበታ በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ጭቃውን በላዩ አድርጎ፣ እንስሳው ሲራመድ አብሮ እየተራመደ ይሠራል። በመጀመሪያ ላባውንም ፀጉሩንም ይቀርፅ ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ዝይ ከሩቅ ስትታይ ላባዋ አይለይም፤ የሚለየው አካሄዷ ነው። ስለዚህ ላባውን ተወና አካሄዱን ያዘ።

በ1922 አንድ ትልቅ ነጭ ድብ ሠርቶ በፓሪስ ለሕዝብ አሳየ። ነጭ ድብ በበረዶ አገር የሚኖር ኃይለኛ አውሬ ነው። ያዩት ሁሉ አደነቁት። ፖምፖን ስሙ የተጠራው ያን ጊዜ፣ በ67 ዓመቱ ነው እንግዲህ!

ሴቭር የሚባለው የመንግሥት ፋብሪካም ድቡን በትንሹ በነጭ ሸክላ አወጣው። እንዲህ ያለ ሸክላ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ የቅርፁ ልክ በጄሶ ይወሰዳል። ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር የተበጠበጠ ቀጭን ጭቃ ወደ ጄሶው ውስጥ ይፈስሳል። ጄሶ ውሃ ይጠጣል፤ ጭቃውም በግድግዳው ላይ ይረጋል። የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ውስጡ ባዶ ነው። ወፍራም ቢሆን በእሳት ይሰነጠቃል፤ ይህን የእኛም ሸክላ ሠሪዎች ያውቁታል። ከደረቀ በኋላ ከ1200 ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት ይተኮሳል። እሳቱ ስለሚያሳንሰው፣ ልኩ ሲወሰድ አስቀድሞ ከፍ ይደረጋል።

ፖምፖን በ1933 ሞተ። ሥራዎቹን ለፈረንሳይ መንግሥት አወረሰ። ከድንጋይ የተጠረበው ድብ ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል ነው፤ ኦርሴ በሚባለው የፓሪስ ሙዚየም ይታያል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጭቃ የሚያቦካና ድንጋይ የሚጠርብ እጅ አይናቅም። አንድ ዕቃ አይተን ስናደንቅ፣ «ማን አሠራው?» ብቻ ሳይሆን «ማን ሠራው?» ብለንም እንጠይቅ።

ጥያቄዎች
1. ፖምፖን ላባውን ለምን ተወው?
2. ነጩ ሸክላ ውስጡ ለምን ባዶ ይሆናል?
3. በቤታችሁ ያለውን እንስራ የሠራው ማን ነው? ስሙን ጻፉ።