ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት፦ በቀድሞዎቹ የቮልስዋገን ቢትል መኪኖች የማርሽ ብልሽትን የመለየት ሥርዓት

ካምቢዮ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ ሲገባ ትርጉሙ ሰፍቷል። በሹፌሮች አነጋገር ቃሉ በእጅ የሚጨበጠውን ዘንግም፣ ዘንጉን ከማርሾቹ ጋር የሚያገናኘውን መሥመርም፣ ማርሾቹ በዘይት ውስጥ የሚዞሩበትን ሳጥንም ይጠራል። ስለዚህ የአንድ አሮጌ ቮልስ ባለቤት «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ሲል ማርሽ እንዳስቸገረው ተናገረ እንጂ ብልሽቱ የት እንዳለ አላመለከተም። ጋራዡ ቃሉን በጠባብ ትርጉሙ ተቀብሎ ሳጥኑን ከፈታ ግን ጉዳቱ ከዚያ ይጀምራል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በቢትል ላይ የሚቀርቡ ብዙ የማርሽ አቤቱታዎች መነሻቸው ከሳጥኑ ውጭ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ሊመለስ ከሚችል ሥራ ወደማይመለስ ሥራ መሄድ አለበት የሚል ነው። ሳጥኑን መፍታት «የማይመለስ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ መኪና ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ በአንድ ዘይትም ይታጠባሉ። ኮሮናውና ፒኞኑ በፋብሪካ የተጣመሩ ናቸው፤ አቀማመጣቸውም በስስ የማስተካከያ ቀለበቶች በመቶኛ ሚሊ ሜትር ደረጃ ተለክቷል። ይህን ልኬት ሳይመዘግብ የሚፈታ መካኒክ ጸጥ ብሎ ይሠራ የነበረውን ዲፈረንሻል የሚጮኽ አድርጎ ሊመልሰው ይችላል። ከዚህም በታች ካምቢዮ ሲባል ሳጥኑን ብቻ ያመለክታል።

የተሠራበት ዘመን

ምርመራው የሚጀምረው ከመኪናው ዕድሜ ነው። እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ድረስ የቢትል ማርሾች ሲንክሮናይዘር አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤክስፖርት የሚባለው ሞዴል ለ2ኛ፣ ለ3ኛና ለ4ኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር አገኘ፤ 1ኛው ማርሽ ግን እስከ ነሐሴ ወር 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። የፊተኛው ዘመን ካምቢዮ ቤቱ በቁመቱ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን የኋለኛው አንድ ወጥ ነው። በ1958 የተሠራ መኪና እየተጓዘ ወደ 1ኛ ማርሽ ሲመለስ ቢንጫጫ የተፈጥሮ ጠባዩ ነውና የሚጠገን ነገር የለውም። ያው ድምፅ በ1965 ሞዴል ላይ ቢሰማ ግን ምልክት ነው።

ማርሽ ሲገባ መንጫጫት

የኋላ ማርሽ በሁሉም ሞዴሎች ሲንክሮናይዘር የለውም። ይህ ጉድለት ለመርማሪው ትልቅ ጥቅም አለው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ይረገጥና ጥቂት ሰከንዶች ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ መቆም ይገባዋል። ከዚያ የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚንጫጫ ከሆነ ዘንጉ አልቆመም ማለት ነው፤ ጥፋቱም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አለመልቀቁ ነው። የኋላ ማርሽ በጸጥታ ገብቶ ለምሳሌ 2ኛው ብቻ በጉዞ ላይ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደዚያ ማርሽ ሲንክሮ ቀለበት ይሄዳል። ሹፌሩ ፍሪሲዮንን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ በመካከሉም ነዳጅ እየሰጠ ማርሹን ሲቀይር ድምፁ ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ ቀለበቱ ሊሠራው ያልቻለውን የፍጥነት ማመሳሰል እግር ሠርቶለታልና።

ፍሪሲዮኑ የማይለቅ ሆኖ ሲገኝም ሞተሩን ለማውረድ መቸኮል አይገባም። የፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከዚህ የበለጠ ከሆነ በገመዱ ጫፍ ባለው ማስተካከያ ይጠበባል። ማስተካከያው ተሠርቶ በሳምንት ውስጥ ደግሞ የሚላላ ከሆነ ገመዱ እየተበጣጠሰ ሊሆን ይችላል። ሌላው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ገመዱ በመኪናው ወለል መካከል ባለው ዋሻ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ያልፋል፤ የቱቦው ብየዳ ከተላቀቀ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ቱቦው አብሮ ይሄዳል፤ የእግሩ ኃይልም ወደ ፍሪሲዮኑ ሳይደርስ ይባክናል። ከቱቦው ጫፍ እስከ ካምቢዮው ያለው ተጣጣፊ ሽፋንም ወደ ታች ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ርግበት ሊኖረው ይገባል። ርግበቱ ከጠፋ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን መንቀጥቀጥ የፍሪሲዮን ሸራ ማለቅ አድርጎ መቁጠርም የተለመደ ስሕተት ነው።

በጉዞ ላይ ማርሽ መውጣት

ከሁሉም አቤቱታዎች ይህኛው ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል። በዚህ ቁልቁለት የሚወርድ ቢትል ፍጥነቱን የሚገታው በዋነኛነት በሞተሩ ነው፤ ከበሮ ፍሬኑ ብቻውን ያን ያህል ረጅም ቁልቁለት ሲሠራ ይግላል፣ ሲግልም ኃይሉን ያጣል። ነዳጅ ተለቅቆ ሞተሩ መኪናውን በያዘበት ቅጽበት 3ኛው ማርሽ ቢወጣ ሹፌሩ ሳይዘጋጅ በጋለ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ማርሽ የሚወጣው ተንሸራታቹ ቀለበት ከማርሹ ጥርስ ጋር በሙሉ ስፋቱ ሳይያያዝ ሲቀር ወይም ተያይዞ የሚያስለቅቀው ኃይል ሲያገኝ ነው። የመጀመሪያው ሁኔታ ምንጭ ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ውጭ ይገኛል። በኋላ መቀመጫ ሥር ባለ ትንሽ ክዳን ውስጥ የማርሽ ዘንጉን መሥመር ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዝ መጋጠሚያ አለ፤ በውስጡ ያሉት የጎማ ወይም የፕላስቲክ ክፍሎች በዕድሜ ይፈረፈራሉ። ከፊት፣ በዘንጉ አጠገብ መሥመሩን የሚደግፈው ቡሽም እንዲሁ ያልቃል። ሁለቱም ሲላሉ የሹፌሩ እጅ መጨረሻ ላይ የደረሰ ቢመስለውም ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሹካ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ቁልፍና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የሚወጣው ማርሽ ይገባና መጋጠሚያው ይላቀቃል። ከካምቢዮው የወጣውን ዘንግ በእጅ ወደዚያው ማርሽ አቅጣጫ ሲገፉት ጥቂት ተጨማሪ መንገድ ከሄደ ማርሹ በሙሉ አልገባም ነበር ማለት ነው። መፍትሔውም የተበላሹትን ክፍሎች ተክቶ መሥመሩን እንደገና ማስተካከል ነው። በማርሽ ዘንጉ ሥር ያለው መከልከያ ሳህንም በትክክለኛው ፊቱ መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል፤ ተገልብጦ የተገጠመ ሳህን ማርሹን ያሳጥራልና።

ሁለተኛው ሁኔታ ረቀቅ ያለ ነው። ሞተሩ በካምቢዮው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ካምቢዮው ደግሞ በጎማ መቀመጫዎች ከመኪናው አካል ጋር ታስሯል፤ የማርሽ መሥመሩ ግን የወለሉ አካል ነው። መቀመጫዎቹ ከተቀደዱ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ካምቢዮው ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ መሥመሩ ባለበት ስለሚቆይ በተግባር ማርሹን የሚጎትተው መኪናው ራሱ ይሆናል። ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ በጉዞ ላይ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የማርሽ ዘንጉ ያለ እጅ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይህን ያላየ መካኒክ ሹካና ቀለበት ቀይሮ መኪናውን ቢመልስ፣ አዲሶቹም ክፍሎች በዚያው ጉተታ ማለቃቸው አይቀርም።

መሥመሩም መቀመጫዎቹም ደኅና ሆነው ማርሹ አሁንም የሚወጣ ከሆነ የጥርሶች መዶልዶም፣ የሹካ መበላት፣ የመቆለፊያ ሞላ መድከም ወይም የዘንግ መንሸራተት ይቀራል። እነዚህ ሁሉ ሳጥኑን ያስከፍታሉ።

ድምፅና የመማሪያ መጽሐፍ ወጥመድ

ሞተራቸው ከፊት፣ ነጂ ጎማቸው ከኋላ ለሆኑ መኪኖች የተጻፉ መማሪያዎች አንድ የታወቀ ደንብ ያስተምራሉ፤ ድምፁ በ4ኛ ማርሽ ከጠፋ ጥፋቱ በታችኛው ዘንግ ላይ ነው ይላሉ። በእነዚያ መኪኖች 4ኛው ማርሽ ኃይልን በቀጥታ ስለሚያሳልፍ ደንቡ ልክ ነው። በቢትል ግን ቀጥታ ማርሽ የሚባል የለም። ኃይሉ በአራቱም ማርሾች ከላይኛው ዘንግ ወደ ፒኞኑ ዘንግ በጥርስ ይተላለፋል፤ ከ1960 በኋላ በተሠሩት የ4ኛው ማርሽ ንጽጽር 0.89 ነው። ስለዚህ ያን ደንብ ለዚህ መኪና መጠቀም ጤነኛ ክፍል ያስቀይራል።

ለቢትል የሚሠራው ጥያቄ ድምፁ ከምን ጋር ይለዋወጣል የሚለው ነው። ማርሽ ሳይገባ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ተሰምቶ ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ከመግቢያ ዘንጉ ኩሽኔታ ይመጣል። ሲረገጥ ብቻ የሚሰማው ከፍሪሲዮን መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው፤ እርሱም ከካምቢዮው ውጭ ነው። በሁሉም ማርሾች የሚሰማ፣ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ዜማውን የሚቀይር ጩኸት ኮሮናና ፒኞንን ወይም የፒኞን ኩሽኔታን ያመለክታል።

ዘይቱ የሚናገረው

ዘይት ከመለወጥ በፊት መሙያው ቡሎን መፈታቱ መረጋገጥ አለበት፤ ዘይቱን አፍስሶ መሙያው እንቢ ያለ መኪና ከጋራዡ አይወጣም። በማፍሰሻው ማግኔት ላይ የሚገኝ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ግን አይደለም። ነሐስ በማግኔት ስለማይያዝ የሲንክሮ ቀለበት መበላት የሚታወቀው ዘይቱ በፀሐይ ብርሃን ሲታይ በሚያብረቀርቅ ወርቃማ ብናኝ ነው። የሚሞላው 2.5 ሊትር ያህል ሲሆን ደረጃው ጂ ኤል 4፣ ውፍረቱ ሳኢ 90 ይሁን። «ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል» በሚል ጂ ኤል 5 መሙላት አይመከርም፤ የዚህ ዘይት ቅመሞች ከዲፈረንሻል ጋር ቢስማሙም ብዙዎቹ የነሐስ ቀለበቱ የሚፈልገውን ሰበቃ ይቀንሳሉ።

ፍሪሲዮኑ ዘይት ነክቶት የሚንሸራተት ከሆነም ሽታ ይረዳል። የካምቢዮ ዘይት የድኝ ሽታ አለው፤ ስለዚህ በመግቢያ ዘንጉ ፓራኦሊዮ የፈሰሰው በቮላኖው በኩል ከፈሰሰው የሞተር ዘይት ይለያል።

ሳጥኑ መከፈት ሲኖርበት

ከዚህ ሁሉ በኋላ መክፈት ግድ ሲሆን ኮሮናና ፒኞን እንደ ጥንድ ይጠበቃሉ፤ እያንዳንዱ የማስተካከያ ቀለበት ከየት እንደወጣ ተለክቶ ይጻፋል። በሲንክሮ ቀለበትና በማርሹ መካከል ያለው ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቀለበቱ ይቀየራል። ቤታቸው ለሁለት የተከፈለ ካምቢዮዎች ሁለቱ ግማሾች አብረው የተመረቱ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ከሌላ መኪና አምጥቶ መግጠም አይቻልም።

ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ካምቢዮ በምትኩ ለመግጠም የሚወስን ባለንብረትም ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገር ያጣራ። የ6 ቮልት ዘመን ካምቢዮ የ12 ቮልቱን ቮላኖ ቤቱ ካልተፋቀ አያስገባም፤ የኋላ እግሩ አሠራር የተለየ ሞዴል ካምቢዮም በአክሱ በኩል አይገጥምም። ያገለገለው ሳጥን ከመታሰሩ በፊት ማርሾቹ አንድ በአንድ በእጅ ገብተው ዘንጉ ሲዞር ይታዩ፤ ዘይቱም በንጹሕ ሳህን ላይ ይፈስስ።