የድግስ ጨዋታ፤ ቤተሰብ አብሮ የሚማርበት



የካኩማ ካምፕ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆች ብዙ ናቸው። እንጀራና ቡና በገበያው ስለማይጠፋ ያውቁታል። ድግስ ሲደገስ ግን አላዩም። ጌሾ ሲወቀጥ፣ ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር አላዩም። እኛ መምህራን በክፍል ውስጥ «ጥንስስ» ብንል ትርጉሙን የሚነግረን ልጅ እየጠፋ ነው። ነገሩ ከዓይን ሲርቅ ቃሉም ከአፍ ይርቃል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ያለ ገንዘብ የሚሠራ አንድ የቤተሰብ ጨዋታ እናቀርባለን።

በገበጣ አንዱ የሌላውን ጠጠር በልቶ ያሸንፋል። በዚህ ጨዋታ ግን ተቃራኒ ወገን የለም። እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው። ሳይደርሱ ድግሱ ከተሟላ ሁሉም ያሸንፋል፤ ቀድመው ከደረሱ ሁሉም ይሸነፋል። በአገር ቤትም ቢሆን ድግስ በአንድ ሰው ጉልበት አይወጣም፤ አንዷ ጎረቤት ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሌላዋ ውሃ ትቀዳለች፣ ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ።

ሀ. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አንድ ካርቶን፣ እስክሪብቶ ወይም ከሰል፣ አንድ ጠጠር፣ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ።

ለ. አሠራር

1. በካርቶኑ ላይ 12 ቤት ያለው መንገድ ሥሩ። በመጨረሻው ቤት «ደጃፍ» ብላችሁ ጻፉ። ጠጠሩ የእንግዶቹ ምልክት ነው፤ ከመጀመሪያው ቤት ውጭ ይቀመጣል።

2. 15 ካርዶች ቁረጡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ጻፉ፦

እንጀራ፦ ጤፍ፣ እርሾ፣ ምጣድ
ዶሮ ወጥ፦ ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ
ድፎ ዳቦ፦ የስንዴ ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮባ
ጠላ፦ ጌሾ፣ ብቅል፣ ጋን
ቡና፦ የቡና ፍሬ፣ ጀበና፣ ዕጣን

ጠላ የማይገባበት ቤት በምትኩ ብርዝ ይጻፍ፦ ማር፣ ውሃ፣ ብርሌ። ጨጨብሳ ወይም ቆጮ የለመደ ቤተሰብም የራሱን ይጨምር፣ ከላይ ካሉት አንዱን ይቀንስ።

ሐ. አጨዋወት

ከ2 እስከ 6 ሰው ይጫወታል። ካርዶቹ ተደባልቀው ለእያንዳንዱ 2 ይታደላል፤ የቀረው ተደፍቶ ይቀመጣል። ተራው የደረሰው በመጀመሪያ ቆርኪውን ይወረውራል። ቆርኪው ተደፍቶ ከወደቀ እንግዶቹ አንድ ቤት ይራመዳሉ። ቀጥሎ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያደርጋል፦ ከተደፋው አንድ ካርድ ያነሣል፤ ወይም አንድ ካርድ ለሌላ ይሰጣል፤ ወይም የአንድ ምግብ 3 ካርዶች ከተሟሉለት ምግቡን ያቀርባል። የተያዘ ካርድ አይደበቅም፤ ሁሉም አይቶ ይመካከራል። አምስቱም ምግቦች ጠጠሩ ደጃፍ ሳይደርስ ከቀረቡ ድግሱ ሠመረ። ጨዋታው ከቀለላችሁ መንገዱን 10 ቤት አድርጉት።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ምግብ የሚያቀርብ ልጅ አሠራሩን በቃሉ መናገር አለበት። ካላወቀ ታላላቆቹን ይጠይቃል፤ ከሰማ በኋላ ራሱ ይደግመዋል።

መ. ታላላቆች የሚያስረዱት

የጤፍ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ከዚያ ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስላል፤ ይህ አብሲት ይባላል። ተመልሶ ከሊጡ ጋር ይቀላቀልና ኩፍ ሲል ይጋገራል። ዶሮ በ12 ብልት ይወጣል፤ ሽንኩርቱ አስቀድሞ ያለ ቅባት በዝግታ ይቁላላል። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ከታችም ከላይም እሳት ይደረግበታል። የጠላ መነሻ በጌሾ የተዘጋጀው ጥንስስ ነው። ቡና ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ስለ አገር ቤት ድግስ ማውራት የሚያስከፋው ወላጅ አለ፤ አብረውት የበሉ ሰዎች ትዝ ይሉታል። እንዲህ ያለውን ሰው አታስጨንቁት፤ ለዚያ ቀን ሌላ ታላቅ ሰው ይንገራችሁ።

መልመጃ

1. ጥንስስ፣ አብሲት፣ ብልት፣ በረካ የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
2. ካርዱን ለሌላ የሰጠ ተጫዋች ተራው ባከነበት ይባላል? ምክንያታችሁን ግለጹ።
3. እዚህ ያልተጻፈ አንድ የድግስ ምግብ ከታላቅ ሰው ጠይቁና 3 ካርዶች አዘጋጁለት።