ማደንዘዣና ማስታወክ፦ ከእናቴ የተሰበረ እጅ የተማርኩት

በዚህ ወር የጥናት ዓምዱ ተራ የእኔ ነው። የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ክፍል ውስጥ የተማርኩትንና ቤቴ የገጠመኝን አንድ ነገር አብሬ ላካፍላችሁ።

እናቴ በበረዶው ወቅት ደጃፋችን ላይ አዳልጧት ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ በቀዶ ሕክምና በብረት መያዝ እንዳለበት ሲነገራት እምቢ አለች። ከዓመታት በፊት የሐሞት ከረጢቷ ሲወጣ፣ ከሰመመኑ ከነቃች በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ አድራ ነበር። «ሁለተኛ አልተኛም! ወጌሻ ቢያሸኝ ይሻለኛል» አለችኝ። በስንት ልመና እሺ አለች።

የማደንዘዣ ሐኪሟ በአስተርጓሚ በኩል «ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ሲሰጥዎት ችግር ገጥሞዎት ያውቃል?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ግን «ኧረ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች! ማስመለስ ለእሷ ለሐኪም የሚነገር ችግር አልነበረም። እኔ ታሪኩን ስናገር ሐኪሟ ዕቅዱን ለወጠች።

ለምን ያስመልሳል?

በአንጎላችን የታችኛው ክፍል በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ መርዛማ ነገሮችን የሚለይ ትንሽ ስፍራ አለ። እንደ ሴቮፍሉሬን ያሉ በትንፋሽ የሚሰጡ የሰመመን መድኃኒቶች፣ ናይትረስ ኦክሳይድ እና እንደ ሞርፊን ያሉ ኦፒዮይድ ማስታገሻዎች የማስታወክ ሥርዓቱን ይቀሰቅሳሉ።

ማን ላይ ይበረታል?

እ.ኤ.አ. በ1999 አፕፌልና ባልደረቦቹ ያወጡት መለኪያ አራት ነጥቦች አሉት፦

1. ሴት መሆን፣
2. ሲጋራ አለማጨስ፣
3. ከዚህ በፊት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማስመለስ ወይም በጉዞ ላይ ማቅለሽለሽ፣
4. ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኦፒዮይድ መውሰድ።

አንዱም ከሌለ የማቅለሽለሽ ወይም የማስታወክ ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሲኖር 20፣ ሁለት ሲኖር 40፣ ሦስት ሲኖር 60፣ አራቱም ሲኖሩ 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እናቴ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ አውቶቡስ ስትሳፈርም ሎሚ ከእጇ አይለይም። ገና ሞርፊን ሳትወስድ ሦስት ነጥብ ነበራት።

የአካባቢ ማደንዘዣ ምን ይጠቅማል?

ሊዶኬይን፣ ቡፒቫኬይንና ሮፒቫኬይን በነርቭ ላይ ያሉትን የሶዲየም መተላለፊያዎች ይዘጋሉ። ሶዲየም ወደ ነርቩ ካልገባ የሕመሙ መልእክት አንጎል አይደርስም። ጥቅማቸው በሽተኛው ያለ ሙሉ ሰመመን እንዲታከም ማስቻላቸውና የኦፒዮይድን መጠን መቀነሳቸው ነው። ለእናቴ በአልትራሳውንድ እየታየ ወደ ክንዷ በሚወርዱት ነርቮች ዙሪያ መርፌ ተሰጣት። ማስታወክን የሚከላከሉ ዴክሳሜታዞንና ኦንዳንሴትሮንም ተጨመሩላት። ሳታስመልስ ቤቷ ገባች፤ ማታም ሾርባዋን ጠጣች።

ሁለት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ የአካባቢ ማደንዘዣ በጀርባ በኩል በአከርካሪ ውስጥ ሲሰጥ የደም ግፊት ሊወርድና በዚያ ምክንያት ሊያቅለሸልሽ ይችላል። በቀዶ ሕክምና በሚወልዱ እናቶች ላይ ይህ በብዛት ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ያለች እናት «አቅለሸለሸኝ» ስትል መጀመሪያ የደም ግፊቷን እንለካለን።

ሁለተኛ፣ የነርቭ መርፌው ከሰዓታት በኋላ ይለቃል። ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ ከዚያ በፊት ካልተጀመረ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ኦፒዮይድም ይፈለጋል፤ ማቅለሽለሹም አብሮ ይመለሳል።

ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን ይዘን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ከቀዶ ሕክምና በፊት ቤት ውስጥ «ባለፈው ጊዜ አስመልሶሽ ነበር? መኪና ላይስ ያቅለሸልሽሻል?» ብለን እንጠይቃቸው። መልሱንም ለማደንዘዣ ሐኪሙ እንንገር። የእናቴ እጅ ዛሬ ድኖ እንጀራ ትጋግርበታለች።

መልካም የጥናት ጊዜ!