ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የሐሞት ከረጢት ሲወጣ ዐይን ስለሚስተው ነገር

ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ እንግሊዝን ወክሎ ይናገር የነበረው አንቶኒ ኢደን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ የሐሞት ከረጢቱን ሊያስወጣ ለንደን ላይ ሆዱ ቢከፈት የሐሞት ቧንቧው ተጐድቶበት፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገናም ተደርጎለት ስላልዳነ፣ ባሕር ተሻግሮ በቦስተን ከተማ ዶክተር ሪቻርድ ካቴል ቧንቧውን እስኪጠግንለት ድረስ በሞት አፋፍ ቆየ፤ ከቧንቧው ጉዳት የተነሣው ትኩሳትም እየተመላለሰ እ.ኤ.አ. በ1957 ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ እስከ ወረደበት ቀን አልለቀቀውም።

ከጉበት የሚመነጨውን ሐሞት ወደ አንጀት የሚያወርደው ዋናው ቧንቧ በጤነኛ ሰው ስፋቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከረጢቱም በአንዲት አጭር ቅርንጫፍ ከርሱ ጋር ይጋጠማል። መቈረጥ የሚገባው ቅርንጫፉ ነው፤ ዋናው በስሕተት ቢቈረጥ ግን ሐሞቱ ወይ በሆድ ውስጥ ይፈስሳል፣ ወይ መውጫ አጥቶ ወደ ደም ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኸ ከረጢቱን በጠባብ ቀዳዳ፣ ላፓሮስኮፕ በሚባለው መሣሪያ ካወጣ ወዲህ፣ ሕመምተኛው በጥቂት ቀን ከቤቱ የሚገባበት ይህ ጥበብ ዓለሙን ሁሉ አዳረሰ። ይሁን እንጂ በቀድሞው ሰፊ ቀዶ ጥገና ከሺህ ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ ይደርስ የነበረው የቧንቧ ጉዳት፣ በአዲሱ ጥበብ ከሺህ ሰው ወደ ሦስት እስከ አምስት ከፍ አለ።

ምክንያቱ የእጅ ድክመት ይመስል ነበር፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ምርመራ 252 ጉዳቶችን አጥንቶ ከመቶው 97ቱ የተነሡት ከእይታ ስሕተት መሆኑን ገለጠ፤ ይኸውም ከረጢቱ ቈስሎና ከአካባቢው ጋር ተጣብቆ ሲሳብ ዋናው ቧንቧና ቅርንጫፉ በአንድ መሥመር ስለሚሰለፉ፣ ሐኪሙ ዋናውን አይቶ ቅርንጫፉን ያየ ይመስለዋል፤ አንድ ጊዜ ካመነም በኋላ ዐይኑ ሌላ ምስክር አይቀበልም።

ከዚህ ምርመራ አስቀድሞም ሐኪሙ ስቲቨን ስትራስበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ያጸኑት ሥርዓት ዐይንን በጥርጣሬ የሚያስገዛ ነው፤ በከረጢቱና በጉበት መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ስፍራ ከስብና ከጅማት ካልጠራ፣ የከረጢቱ የታችኛው ሲሶም ከጉበቱ ካልተላቀቀ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ፣ ማለት ቅርንጫፉና የደም ሥሩ፣ ከፊትና ከኋላ ተገልጠው ካልታዩ በቀር ክሊፕ የሚባለው መቆንጠጫ አይደረግም፣ መቀስም አይነሣም። ደም ቢፈስስ እንኳ ሳያዩ መተኰስ ክልክል ነው።

ባይታይስ? ያን ጊዜ ማቆም ነው፤ ባልደረባ መጥራት፣ በቧንቧው ውስጥ ቀለም አስገብቶ በራጅ ማየት፣ ከከረጢቱ ከፊሉን ትቶ መውጣት፣ ወይም ሆዱን በሰፊው መክፈት። በቋንቋችን ደፋሩን ሐሞተ ኮስታራ፣ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ እንላለን፤ እኔ ግን በዚህ ሥራ ሐሞተ ኮስታራ የምለው፣ የሕመምተኛው ዘመድ ወዳጅ «በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል ብሎን ሆዱን ዘረጠጠው» ብሎ እንደሚያማው እያወቀ እጁን የሚሰበስበውን ሐኪም ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከመታከምህ በፊት ሐኪምህን «ነገሩ ጠርቶ ባይታይህ ምን ታደርጋለህ?» ብለህ ጠይቀው፤ ሆድህ በሰፊው ሊከፈት እንደሚችልም አስቀድመህ አውቀህ ፍቀድ። ከቤትህ ከገባህ በኋላ የሆድህ ሕመም እየቀለለ በመሄድ ፈንታ ቢብስ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢይዝህ፣ ዐይንህ ቢጫ ቢሆን፣ ሽንትህ ቢጠቁር፣ ሰገራህም ቢነጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ተመለስ። ቧንቧው ተጐድቶ ቢገኝ ጥገናው የጉበትና የሐሞት ቀዶ ጥገና ልዩ ሐኪም እጅ ይፈልጋልና፣ ወደዚያ እንዲልኩህ ሳታፍር ለምን።