ወለምታ ትኩሳት አያመጣም

ልጅ ሲያነክስ የቤት ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የት እንደወደቀ ነው። የማይወድቅ ልጅ ስለሌለ ምክንያት አይጠፋም፤ ወለምታ ነው ተብሎ ይታሻል፣ ወጌሻ ይጠራል። ማታ ሲያተኩሰው ደግሞ ብርድ መታው ይባላል። ማነከሱና ትኩሳቱ የአንድ በሽታ ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ወለምታ ግን ብቻውን ትኩሳት አያመጣም።

አጥንት ደረቅ ይምሰል እንጂ ውስጡ ደም የሚመላለስበት ሕያው አካል ነው። በልጆች ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ጫፍ፣ በተለይ ጉልበት አካባቢ፣ ደሙ በቀጫጭን ሥሮች ዝግ ብሎ ያልፋል። ከቆዳ ቁስል ወይም ከሌላ ቦታ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ እዚያ አርፎ ይራባል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው፤ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ምንም ሳያደርግ የሚኖር። አጥንት እንደ ሥጋ ተለጥጦ ቦታ አይሰጥም፤ መውጫ ያጣው መግል የደም ሥሮቹን ይጫናል፣ ደም የተቋረጠበትም አጥንት ይሞታል። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ስለሆነ የሞተው አጥንት ዘንድ አይደርስም። እየደረቀ እየፈነዳ ለዓመታት መግል የሚያፈስ እግር ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው፤ ያኔ የሞተውን አጥንት በቀዶ ሕክምና ማውጣት ግድ ይላል።

ባክቴሪያው መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ ጊዜው ይበልጥ ያጥራል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት በጥቂት ቀናት ሊበላሽ ይችላል፤ ከተበላሸ ደግሞ እንደነበረው አይመለስም። ጉልበት ከሆነ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲዳሰስ ይሞቃል። ዳሌ ግን ጥልቅ ስለሆነ እብጠቱ ላይታይ ይችላል። ልጁ ጭኑን አጥፎ ወደ ውጭ አዙሮ ይተኛል፤ እግሩን ሲነኩት ይጮሃል፣ አልቆምም ይላል። ጨቅላ ሕፃን ጭራሽ ላያተኩሰው ይችላል፤ ምልክቱ አንድ እጁን ወይም እግሩን አለማንቀሳቀሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎችን የሚያዘናጋው ራጅ ነው። አጥንቱ ውስጥ ያለው ጉዳት በራጅ ለመታየት ከ10 እስከ 14 ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ በሦስተኛው ቀን «ስብራት የለም» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የደም ምርመራና ከመገጣጠሚያው በመርፌ የሚቀዳ ፈሳሽ የተሻለ ይናገራሉ። ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን አስቀድሞ መስጠትም ትኩሳቱን ለጊዜው ያበርድና ባክቴሪያው በምርመራ እንዳይገኝ ያደርጋል።

በአዋቂዎች ላይ ባክቴሪያው ወደ አጥንት የሚገባበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፦ ቆዳ የቀደደ ስብራት፣ በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ያልዳነ ቁስል። አከርካሪን የሚይዘው ቲቢ ግን ትኩሳቱ ያን ያህል ስለማይበረታ ለወራት «የወገብ ሕመም» እየተባለ ይታለፋል። ያልፈላ ወተት በመጠጣት የሚተላለፈው ብሩሴላም ተመሳሳይ የወገብ ሕመም ያመጣል። ሌሊት የሚያልበው፣ የሚከሳ፣ ተኝቶም ሕመሙ የማይለቀው ሰው መመርመር አለበት። የአከርካሪ ቲቢ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይወስዳል። እግሩ መዛል ወይም ሽንቱ አልታዘዝ ማለት ከጀመረ ግን የነርቭ ገመዱ እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።