የጥቅምት ማዕድና ያዘጋጀችው እናት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ክፍላተ ዘመን ስትከፍል፥ ክረምት በመስከረም 25 ቀን ከተፈጸመ በኋላ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን ጊዜ መፀው ብላ ትጠራዋለች። (በከተማ ብዙ ሰው ይህን ወራት ጸደይ ማለትን ለምዷል፤ በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ግን ጸደይ የሚገባው በመጋቢት 26 ቀን ነው።) የመፀው መጀመሪያ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ ምድር በአበባ የምታጌጥበት፥ እመቤታችንም ልጅዋን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችው ስደት የሚታሰብበት ነው። ስለ ማኅሌቱና ስለ ስደቱ ምስጢር ሊቃውንት ብዙ አስተምረዋልና፥ እኛ ዛሬ ወደ ማጀት ዝቅ ብለን፥ በዚሁ ወራት በክርስቲያን ቤት ስለሚቀርበው ማዕድ እንናገራለን። ለምሳሌ የምንወስደውም የአዊን አገር፥ ይልቁንም እንጅባራንና ዳንግላን ነው።

የአዊ ሕዝብ ሰባት ቤት አገው እየተባለ ይጠራል፤ ትውልዱም ከሰባት ወንድማማች እንደ ተቀዳ ከአባቶቹ ሲሰማ ኖሯል። ሕዝብ በቤት ስም መጠራቱ ስለ ቤት ለሚደረግ ትምህርት የተመቸ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ዳንግላ ግን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዝቅ ብላ በ2,100 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በእንጅባራ ዙሪያ ድንችና ገብስ፥ በዳንግላ በኩል በቆሎና ዳጉሳ ጤፍም ይበዛል።

በዚህ ወራት ማዕዱ የሚከብረው በእሸት ነው። በእንጅባራ ድንቹ ከጓሮ ተቈፍሮ ከነልጣጩ ይቀቀልና እንፋሎቱ ሳይጠፋ በሰፌድ ይቀርባል፤ ጨውና አዋዜ በአጠገቡ ይደረጋል። የገብሱ እሸት በእሳት ተለብልቦ በእጅ እየታሸ ይበላል። በዳንግላ የበቆሎው እሸት ይጠበሳል፥ ይቀቀላልም፤ ጤፍ ከዳጉሳ ተቀላቅሎ የተጋገረው እንጀራም ከምጣድ ይወጣል። በነጭ ሽንኩርት የተሠራ የጓሮ ጎመን፥ ከባቄላ ዱቄትና ከሰናፍጭ ተዘጋጅቶ ቀናት የቈየ ስልጆ፥ ተቈልቶ በተወቀጠ ኑግ የተፈተፈተ እንጀራ ለጿሚው ይዘጋጃል፤ ሽሮውማ በየቀኑ ነው። ልጃገረዶች በመስከረም የለቀሙትን ስንደዶ እያደረቁ መሶብ መስፋት የሚጀምሩትም በዚሁ ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ በሚገባ ያየ ሰው የአገሩ በረከት ከማጀት እንደሚጀምር አይጠራጠርም።

ነገር ግን የጥቅምት ሙላት ለዓይን እንደሚታየው አይደለም። የአምናው እህል በክረምቱ ተሟጥጧል፤ ጤፉ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እርሻው ሞልቶ ጎተራው የጎደለበት ወር ቢኖር ይህ ነው። እናት ድንቹን የምታበዛው፥ ጎመኑን የምትደጋግመው፥ የዳጉሳውን ዱቄት ከጤፉ የምታስበልጠው ልጆችዋ ስለ ወደዱላት ብቻ አይደለም፤ ዱቄቱን ለክታ፥ ቀኑን ቈጥራ፥ እስከ መከር የሚያደርሰውን አስባ ነው። ይህ ትልቅ የአስተዳደር ጥበብ ነው፤ ሆኖም በሽማግሌዎች ጨዋታ ሲወሳ አይሰማም።

በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ያህል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራልያ የመጣ የግራር ዘር በእርሻው ላይ እየተከለ፥ በአራት በአምስት ዓመቱ እየቈረጠ ከሰል ያከስላል። ከዚህ ሥራ ብዙ ቤት ገንዘብ አግኝቷል፤ ቅርንጫፉም ለማገዶ ስለሚሆን ሴቶች እንጨት ፍለጋ ሩቅ መሄዳቸው ቀንሷል፤ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን እርሻው ዛፍ በሆነበት ቤት እህል የሚገኘው ከገበያ በገንዘብ ነው። የጎተራው እህል በእናት እጅ ይሰፈር ነበረ፤ የከሰሉ ዋጋ ግን በአባት ኪስ ይገባል። አባት ከገበያ ሲመለስ አስቀድሞ የቤቱን አስቤዛ ካልገዛ፥ በምድጃው ዳር ማገዶ ተከምሮ ድስቱ ባዶ ይሆናል።

አበው «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይላሉ። የአዊን ደጋ የጥቅምት ሌሊት የቀመሰ ሰው ይህን ምሳሌ አይቃወምም፤ ውርጩ አጥንት ድረስ ይሰማልና ሰውነት ትኩስና ቅባት ያለው ነገር ይሻል። ወራቱም ጾመ ጽጌ ነው። ጾመ ጽጌ ከሰባቱ የታወጁ አጽዋማት ያልተቈጠረ፥ በፈቃድ የሚጾም ስለ ሆነ፥ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚጾምና የማይጾም ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ምድጃ ላይ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ በአንዱ የአጥንት ወጥ፥ በአንዱ ሽሮ። ብዙ ጊዜ ጿሚዋ ራስዋ ወጥ ሠሪዋ ናት፤ የአጥንቱን ወጥ ጨው መብቃቱን ሳትቀምስ ትሠራዋለች። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 የማይበላው የሚበላውን እንዳይነቅፍ፥ የሚበላውም የማይበላውን እንዳይንቅ አስተምሯል፤ በአዊ ቤት ይህ ትምህርት በንግግር ሳይሆን በሁለት ድስት ሲፈጸም እናያለን። የፈቃድ ጾሙ በረከት ለጿሚው ሲሆን ድካሙ ግን ለሁለቱም ድስት የምትቆመው ሴት ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ይህች እናት የምትበላው የት ነው? መቼስ ነው? ልማዱ የታወቀ ነው። አባትና እንግዳ በመሶቡ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ልጅ እጅ ያስታጥባል፤ አባት ይባርካል፤ እርስዋ እንጀራ እየጨመረች፥ ወጥ እየደገመች ቆማ ታስተናግዳለች። ገበታው ከተነሣ በኋላ የተረፈውን ይዛ ወደ ማጀት ትገባለች። በጥጋብ ዓመት ይህ ከትሕትና ይቈጠር ይሆናል፥ የሚተርፈው ብዙ ነውና። በጥቅምት ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ በሆነች ጊዜ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሁለት ነፍስ ጉዳይ ይሆናል። እንዲህ ላለችው ሴት የንስሐ አባትዋ ጾምን ሊያቀልላት ይችላል፤ ጾሙ ከቀለላት በኋላ የሚደርሳት የሌማት ፍርፋሪ ከሆነ ግን ማቅለሉ ምን ጠቀማት?

አንዳንዶች ይህን ልማድ የአባቶች ሥርዓት ነው ይሉታል። የአባቶች አባት የሆነው አብርሃም ግን እንዴት እንዳደረገ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ይነግረናል። እንግዶቹ በመጡ ጊዜ ሣራ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ ጋገረች፤ አብርሃምም ራሱ ወደ ላሞቹ ሮጦ ጥጃውን አመጣ፤ ማዕዱ በቀረበ ጊዜ በዛፉ ሥር ቆሞ ያስተናገደው እርሱ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 99 ዓመት ነበረ፤ በቤቱ ብዙ አገልጋዮችም ነበሩት። መምህራን የሦስቱን መስፈሪያ ምስጢር ለሥላሴ ሰጥተው ያመሰጥሩታል፤ እኛ በዚህ ላይ የምናስተውለው ግን ከመብሉ በኋላ የሆነውን ነው። እንግዶቹ ከበሉ በኋላ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ሣራ ነው፤ በድንኳኑ ውስጥ መሆንዋ ከተነገራቸው በኋላም የልጅ ተስፋው እርስዋ በምትሰማበት ተነገረ። በቤቱ የገቡት እንግዶች የጋገረችውን ሳይጠይቁ አልሄዱም። ዛሬ በሰው ቤት በልቶ፥ አባወራውን መርቆ፥ ማጀቱን ሳያይ የሚወጣ እንግዳ ከማን እንደ ተማረ እንጃ።

የሰራፕታዋን መበለት የሚጠቅስብን አይጠፋም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈ፥ ነቢዩ ኤልያስ ጥቂት ዱቄት ብቻ የቀራትን ሴት አስቀድማ ለእርሱ እንድትጋግር አዟታል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አያበቃም፤ እርስዋም ልጅዋም ቤተ ሰብዋም ብዙ ቀን እንደ በሉ፥ ዱቄቱም ከማድጋው እንዳላለቀ ተጽፏል። ነቢዩ የመጀመሪያውን እንጎቻ የጠየቀው የእርስዋ ማዕድ እንዲታጠፍ ሳይሆን እንዲቀጥል ነው። የመጀመሪያውን ቍራሽ ከእርስዋ ወስዶ የመጨረሻውንም የሚወስድ ሰው ኤልያስን ምስክር ሊጠራ አይችልም።

በዚህ ነገር ለአባቶች ካህናትም የምንናገረው አለን። በዘመነ ጽጌ ካህናትና ደባትር ሌሊቱን በማኅሌት አድረው ሲወጡ ምእመናን በየተራቸው ዝክር አዘጋጅተው ይቀበሏቸዋል። ይህ የተወደደ ሥርዓት ነው፤ ሌሊቱን በብርድ የቆመ ሰው ትኩስ ነገር ይገባዋል። በዚያው ሌሊት ግን እንጀራ ስትጋግር ያደረችው ሴትም አልተኛችም፤ እርስዋም በበኩልዋ ቆማ አድራለች። ቅዱስ ጳውሎስ በአንደኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 በጉባኤው ማዕድ አንዱ ሲራብ ሌላው ይጠግብ ስለ ነበረ ተቈጥቶ፥ ለመብል ሲሰበሰቡ እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ አዟል። ካህኑ ቡራኬውን ከመስጠቱ በፊት ወደ ማጀት ዞር ብሎ «እናንተስ?» ቢል፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ልማዱ ይለወጣል፤ ባል የንስሐ አባቱን ቃል ከጎረቤት ምክር ይልቅ ይሰማልና።

በከተማ ቤት ደግሞ ሌላ ሰው አለ። በእንጅባራም በዳንግላም ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ፥ ማታ ማታ የምትማር ልጅ ብዙ ናት። ወጡን እርስዋ ሠርታ የቤቱ ልጆች በመሶብ ሲበሉ እርስዋ በወጥ ቤት በሳሕን ትበላለች። እመቤቲቱ ራስዋ በባልዋ ቤት በኋላ የምትበላ ሆና ሳለ ሠራተኛዋን ደግሞ ከእርስዋ በኋላ ታደርጋለች፤ የተጫነውን ቀንበር ወደ ታች ማውረድ ለሰው ቀላል ነው። እስራኤል ምርታቸውን ከአውድማ ካገቡ በኋላ በሚያከብሩት በዳስ በዓል በደስታው የሚቀመጡትን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 16 ሲቈጥር፥ ወንድና ሴት ልጅን፥ ወንድና ሴት አገልጋይን፥ ሌዋዊውን፥ መጻተኛውን፥ ድኻ አደጉን፥ መበለቲቱንም አንድ በአንድ ይጠራል። ሴቲቱን አገልጋይ በስም ጠርቶ ከማዕዱ ያስገባት ሕግ በወጥ ቤት በር ላይ መቆም የለበትም።

የምንለው ነገር አዲስ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ድስቱ ከወረደና እንጀራው በመሶብ ከተደረገ በኋላ፥ አባት ከመባረኩ በፊት ሁሉ መቀመጡን ይይ። ወጥ የሚደግም ከተፈለገ ልጅ ይነሣ፥ ወንዱም ሴቱም። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነውና የመጀመሪያው ጉርሻ በአባት እጅ ለእናት ይሁን፤ ሁለተኛው ቤቱን ለምታገለግለው ልጅ። በደጅ የቆመ ለማኝ ካለ ድርሻው ገና መሶቡ ሳይነካ ይውጣለት። ይህን ሦስት ሳምንት ያደረገ ቤት በአራተኛው ያለ እናት መብላት እንግዳ ነገር ይሆንበታል።

ከቤት ርቀው ያሉትንም ልጆች መርሳት አይገባም። ከገጠሩ ለትምህርት ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ የሚመጡ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ክፍል ይከራያሉ፤ እናታቸው በገበያ ቀን እንጀራ፥ ሽሮ፥ በሶና ቈሎ ስንቅ ትልክላቸዋለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ውጊያ ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የቈዩበት፥ መንገድም የተቋረጠበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ ይህ ስንቅ በሰዓቱ የማይደርስበት ቀን ብዙ ሆኗል። ወንድምና እኅት በአንድ ክፍል ሲኖሩ ደግሞ እሳት የምታነድደው፥ ወጥ የምትሠራው፥ ዕቃ የምታጥበው እኅት ናት፤ ወንድሙ በዚያ ሰዓት ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል። ሁለቱ በአንድ ክፍል ለአንድ ፈተና ሲዘጋጁ ለእርስዋ የሚቀራት መብራቱ የሚጠፋበት ሰዓት ነው። ስንቁን የምትጭነው እናት ለልጅዋ «እኅትህን እርዳት» ከማለት ይልቅ፥ ሰኞና ማክሰኞ የእርሱ፥ ረቡዕና ሐሙስ የእርስዋ ብላ ቀኑን ከፍላ ትላከው፤ ድንች መቀቀልና ሽሮ መሥራት ከእርስዋው ተምሮ ይሂድ።