ሚክዳማ ቀብድ አይደለም፦ በኤን ጋኒም ቤት ለሚያሳድሱ

አገር ቤት ቀብድ ሲባል ክብደት አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሰው እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዝዛል። እዚህ በፔታ ቲክቫዋ ኤን ጋኒም ውስጥ ለካብላኑ፣ ማለትም ለሥራ ተቋራጩ፣ የምትሰጡት ሚክዳማ ግን ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ብቻ ነው። ሰውየው ሥራውን ጥሎ ቢሄድ፣ የሰጣችሁትን ራሱን ለማስመለስ ደጅ ልትጠኑ ትችላላችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ ትንሽ አድርጉት፤ የቀረውንም ከሥራው ጋር አያይዙት። ቧንቧው ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ሴራሚኩ ሲነጠፍ ይህን ያህል፣ የመጨረሻው ደግሞ ጉድለቱ ሁሉ ሲስተካከል ተብሎ ይጻፍ። ዋጋው ማዓምን፣ ማለትም ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ይጨምር እንደሆነም ይጻፍ፤ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ 18 በመቶ ነውና በ50,000 ሼክል ሥራ ላይ 9,000 ሼክል ይጨምራል። ከመፈራረማችሁ በፊት ካብላኑ በቤቶች ሚኒስቴር የካብላኖች መዝገብ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ቼክ ነው። ወላጆቻችን ሰው አምነው የስንት ወር ቼክ በአንድ ቀን ፈርመው ይሰጣሉ። ካብላኑ ያን ቼክ ለሴራሚክ ነጋዴው ሊያስተላልፈው ይችላል። ሥራው ሲበላሽ ባንክ ሄዳችሁ ታሳግዱታላችሁ፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። አላለቀም። ቼኩን የያዘው ሰው ፍርድ ቤት ሳይከስ በቀጥታ ወደ ሆጻአ ላፖዓል፣ ማለትም ወደ ፍርድ አፈጻጸም መሥሪያ ቤት፣ ሊወስደው ይችላል። ነጋዴው በቅን ልቦና ዕቃ ሰጥቶበት የተቀበለው ከሆነ ደግሞ «ካብላኑ አልጨረሰልኝም» የሚለው ክርክራችሁ እሱ ላይ ላይሠራ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የካብላኑን ሙሉ ስም ጽፋችሁ «ላሙታቭ ቢልቫድ»፣ ለተጠቀሰው ተቀባይ ብቻ፣ የሚለውን ጨምሩበት። ከሆጻአ ላፖዓል ደብዳቤ ከመጣ በዚያው ዕለት ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ፈልጉ። የመቃወሚያው ጊዜ አጭር ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ደብዳቤ ደመወዝ ያሳግዳል።

«በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ላርክስላችሁ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ከነሐሴ 2022 ወዲህ ከ6,000 ሼክል በላይ ለሆነ ሥራ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚቻለው ቢበዛ የዋጋውን 10 በመቶ ነው፤ እሱም ከ6,000 አይበልጥም። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ጠብ ሲመጣ ማስረጃ አይሆናችሁም።

ሥራው ጉድለት ካለው ግን ሙሉውን ክፍያ በቁጣ አትያዙ። የ1974ቱ የካብላኖች ውል ሕግ የሚለው፣ ጉድለቱን በቶሎ ለካብላኑ አስታውቁ፣ እንዲያስተካክልም ዕድል ስጡት ነው። በተገቢው ጊዜ ካላስተካከለ፣ ሌላ ሰው አሠርታችሁ ምክንያታዊ ወጪውን መጠየቅ ወይም የጉድለቱን ያህል ከክፍያው መቀነስ ትችላላችሁ። በስልክ አትነጋገሩ፤ ፎቶ አንስታችሁ በዋትሳፕ ጻፉለት።

ካልተስማማችሁ ፔታ ቲክቫ ውስጥ የአነስተኛ ክሶች ችሎት አለ። የክሱ ጣሪያ በየዓመቱ ይስተካከላል፤ በ2024 38,900 ሼክል ነበር። ያለ ዳኛው ፈቃድ ጠበቃ አይገባበትም፤ ውሉን፣ ደረሰኙንና ፎቶውን ይዛችሁ ራሳችሁ ትናገራላችሁ።

ሽማግሌ መሐል ገብቶ ቢያስታርቃችሁ ከሁሉ ይሻላል። ብቻ የተስማማችሁበት ገንዘብና ቀን ወረቀት ላይ ይስፈር፤ ካብላኑም ይፈርምበት።